ሜይሉ ከስልኩ ጋር ሲጣላ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያወሩት ስለ አንድ ጉዳይ ነው። የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ስልክ ላይ አልገባ አለ፣ ገብቶ አልልክ አለ፣ ልኮም የድሮውን አላሳይ አለ። ስለ ቻርጀርና ስለ ተሰነጠቀ ስክሪን የጻፋችሁ ለሚቀጥለው እትም ታገሡኝ።

መልስ ከመጀመሬ በፊት አንድ ልመና አለኝ። «አይሠራም» ብላችሁ ብቻ አትጻፉልኝ። ስልኩ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ በዋይፋይ ይሁን በዳታ፣ ስክሪኑ ላይ የወጣው ጽሑፍ ቃል በቃል ምን እንደሚል ንገሩኝ። ፓስወርዳችሁን ግን አትላኩልኝ። አንድ አንባቢ አድራሻውንም ፓስወርዱንም አሳምሮ ጽፎ ልኮልኛል። ወንድሜ፣ ይህን እያነበብክ ከሆነ አሁኑኑ ቀይረው።

ደግሞ ትንሽ ነገር ሲያስቸግር አካውንቱን ከስልክ አጥፍቶ እንደገና መጫን የሚሉት አመል አለ። ይህ የመጨረሻው መድኃኒት እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። አካውንቱ ሲጠፋ ሴቲንጉ አብሮ ይጠፋል፤ ከዚያ የቱ መስመር ተበላሽቶ እንደነበር ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ቴሌግራም ይሠራል፣ ሜይሉ ግን «ሰርተፊኬቱ አይታመንም» ይላል

*የአንድ ድርጅት የንብረት ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ ጡረታ ልወጣ ትንሽ ነው የቀረኝ። ልጄ አዲስ ሳምሰንግ ሰጠኝ። የአይቲው ልጅ የሥራ ኢሜይሌን ሊጭንልኝ ቢሞክር ስልኩ የሰርቨሩ ሰርተፊኬት አይታመንም እያለ አሻፈረኝ አለ። በልጁ ስልክ ግን ይገባል። ክሮምም ብዙውን ገጽ አይከፍትልኝም። ቴሌግራም ያለ ችግር ስለሚሠራ የኔትወርክ ጉዳይ አይመስለኝም። ቀኑንና ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር አድርጌ ነው የምጠቀመው፤ ምናልባት ይጠቅምሽ እንደሆነ ብዬ ነው። ከባሕር ዳር*

ጋሼ፣ መልሱ በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርዎ ውስጥ አለ። እግዜር ይስጥልኝ፤ ብዙ ሰው እሷን አይጽፍም።

የሜይል ሰርቨር (መልእክታችሁ የሚቀመጥበትና የሚያልፍበት ኮምፒውተር) ማንነቱን የሚያሳየው በሰርተፊኬት ነው። ሰርተፊኬቱ ላይ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል ተጽፎበታል። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ነፃ አገልግሎት የሚሰጠው ለምሳሌ 90 ቀን ነው የሚያገለግለው፤ ከዚያ በፊት ይታደሳል። እርስዎ አውቶማቲኩን አጥፍተው በእጅዎ 2018 ብለው ሲሞሉ ስልኩ የእኛን አቆጣጠር ስለማያውቅ የፈረንጁን 2018 ነው የተረዳው። ስለዚህ ሰርተፊኬቱን ሲያይ ገና ወደፊት የሚሰጥ ወረቀት ሆኖ ይታየዋል፤ አላምንም ማለቱ ትክክል ነው። የክሮምም ነገር ይኸው ነው። ቴሌግራም የሚሠራው ሰዓቱን ከራሱ ሰርቨር ጋር እያመሳከረ ልዩነቱን ስለሚያስተካክል ነው። «ቴሌግራም ገባ» ማለት «ስልኩ ደህና ነው» ማለት አይደለም።

ሴቲንግ ውስጥ ጄኔራል ማኔጅመንት፣ ከዚያ ዴት ኤንድ ታይም ይግቡና አውቶማቲክ የሚለውን ያብሩ። የሰዓት ቀጠናው አዲስ አበባ መሆኑን ይዩ፤ ስልኩን አጥፍተው ያብሩት። ሜይሉ ያኔ ካልገባ ይጻፉልኝ።

የአይቲው ልጅ «ቢሆንም ቀጥል» የሚለውን እንዳይጫንልዎ አደራ። ሌባ ከመሐል ገብቶ ሰርቨሩን መስሎ ፓስወርድዎን ሲቀበል ስልኩ የሚያወጣው ማስጠንቀቂያ ከዚሁ ጋር አንድ ነው። ዛሬ የቀኑ ጉዳይ ነው ብሎ ማለፍ የለመደ ሰው የዚያን ቀንም ያልፋል።

የእኛን ቀን ማየት ከፈለጉ የኢትዮጵያ ካሌንደር አፖች ሞልተዋል፤ ቀኑን ፊት ለፊት ስክሪኑ ላይ የሚለጥፉም አሉ። ሰዓቱን በተመለከተ ግን አንድ ብልሃት ልንገርዎ። ሰዓት ከሚለው አፕ ውስጥ ወርልድ ክሎክ ላይ ቦነስ አይረስን ይጨምሩ። የአርጀንቲና ሰዓት ከእኛ ልክ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ዓመቱን ሙሉም አይቀያየርም። ስለዚህ በፈረንጁ 9 ሰዓት ሲሆን ቦነስ አይረስ 3 ይላል፤ እኛም ሦስት ሰዓት እንላለን። የስልክዎን ልብ ሳይነኩ የአገርዎን ሰዓት አገኙ ማለት ነው።

የ14 ቀን መልእክት ብቻ

*መርካቶ ባለ አንድ አስመጪ ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቢሮ ኮምፒውተሬ ላይ ባለው አውትሉክ የአምስት ዓመት መልእክት አለኝ። ስልኬ ላይ ግን የሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው የሚታየኝ። ጉምሩክ ሄጄ ትራንዚተሩ የቆየ ኮሜርሻል ኢንቮይስ ሲጠይቀኝ ስልኬን እየነካካሁ ቆሜ ቀረሁ። ሜሞሪው ስላነሰ ይሆን?*

እህቴ፣ ሜሞሪሽ ምንም አላጠፋም። «ሁለት ሳምንት» ስትዪ ነው የነቃሁት። ቢሮ ያለው አውትሉክ መልእክቱን የሚያመጣው ፖፕ በሚባለው መንገድ ነው። ፖፕ ማለት ፖስታ ሣጥን ከፍቶ ደብዳቤውን ጠቅልሎ ቤት መውሰድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሣጥኑን የሚከፍት ሌላ ሰው ባዶ ያገኛል። አውትሉክ ትንሽ ርኅራኄ ስላለው ቅጂውን ሰርቨር ላይ ትቶ ከ14 ቀን በኋላ የሚያጠፋበት ምርጫ አለው። አካውንቱን የጫነልሽ ሰው እሱን እንዳለ ነው የተወው። ስልክሽ የሚያየው ሰርቨሩን ነው፤ ሰርቨሩ ላይ ደግሞ ያለው የ14 ቀን ብቻ ነው።

አይማፕ የሚባለው ሌላው መንገድ መልእክቱን ሰርቨር ላይ አስቀምጦ ኮምፒውተሩም ስልኩም እዚያው እንዲያዩት ያደርጋል። አዲስ ነገር እንዳይመስልሽ፤ ማርክ ክሪስፒን ስታንፎርድ ሆኖ የነደፈው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ሰው ሁሉ ስልክ ይዞ በሚዞርበት ዘመን ዛሬም ለቢሮ አካውንት ፖፕ የሚጭን ባለሙያ ለምን እንደሚጭን አይገባኝም።

አሁን በጣም ተጠንቀቂ። የአምስት ዓመቱ መልእክት ያለው በአንድ ፋይል፣ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ያ ሃርድ ዲስክ አንድ ቀን መብራት ሲመላለስ ቢቃጠል አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ስልኩን ለጊዜው እርሺው። አውትሉክ ላይ ፋይል፣ አካውንት ሴቲንግስ፣ ከዚያ ዳታ ፋይልስ ስትገቢ በፒኤስቲ የሚያልቅ ፋይል የት እንደተቀመጠ ያሳይሻል። አውትሉክን ዝጊና ያንን ፋይል ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጪው። ይህ ሳይሆን ማንም ሰው ምንም እንዳይነካ፤ የድርጅቱ ባለቤት ቢቸኩሉ እንኳ።

ከዚያ ሆስቲንግ ድርጅታችሁን (ሰርቨሩን የሚያከራያችሁን) ለመልእክት ሣጥንሽ ስንት ጊጋ እንደተፈቀደ ጠይቂ። 1 ጊጋ ከሆነና የአንቺ ፋይል 8 ከሆነ ሁሉም አይገባም፤ ወይ ይጨመርልሽ፣ ወይ የዘንድሮውንና ገና ያልተዘጉ የኤልሲ (የባንክ ክፍያ ዋስትና) ፋይሎችን ብቻ ምረጪ። ቦታው ሲታወቅ ያንኑ አድራሻ አውትሉክ ላይ በአይማፕ ሁለተኛ አካውንት አድርገሽ ጨምሪ። የገቢው ፖርት (የበሩ ቁጥር) 993 ነው፣ በኤስኤስኤል (በምስጠራ)። የድሮዎቹን ፎልደሮች ከፖፑ ወደ አይማፑ ቀስ በቀስ ጎትቺ፤ አንዱ ዓመት ሳያልቅ ሌላውን አትጀምሪ። የቢሮ ኢንተርኔት ሲጨናነቅ ስለሚቆራረጥ ማታ ትተሽው ብትሄጂ ይሻላል። ስልክሽ ላይ መታየት ሲጀምሩና ቁጥራቸው መግጠሙን ስታረጋግጪ ፖፑን አንሺው። ከዚያ ወዲህ ከስልክ የላክሽውም ቢሮ ኮምፒውተርሽ ላይ ሴንት ውስጥ ይታያል፤ ለሂሳብ ሰው ይህ ራሱ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ተመሳሳይ ጥያቄ የላካችሁ፣ ኤክስቼንጅ የሚባለውን የማይክሮሶፍት የቢሮ ሜይል በአይፎን የምትጠቀሙ ግን ጉዳያችሁ ሌላ ነው። አካውንቱ ሴቲንግ ውስጥ ስንት ቀን ወደ ኋላ ይምጣ የሚል መስመር አለ፤ ኖ ሊሚት አድርጉት፤ አለቀ።

በዋይፋይ እምቢ፣ በዳታ እሺ

*ቦሌ አካባቢ ያለ አነስተኛ የጉዞ ወኪል ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ከሰሞኑ የቢሮው ዋይፋይ ላይ ስንሆን ለማናችንም ሜይል አይገባም። ዳታ ስናበራ ወዲያው ይገባል። ዩቲዩብ ሳይቀር በዋይፋዩ ይሠራል። ኢንተርኔት አቅራቢው «መስመራችሁ ደህና ነው» ይለናል፣ ሆስቲንጉም «ሰርቨሩ ደህና ነው» ይላል። ማንን እንመን?*

ሁለቱንም ይመኑ፤ ሁለቱም አልዋሹም። እኔ መጀመሪያ የምጠይቅዎ ሰሞኑን የአንድ ሠራተኛ ፓስወርድ ተቀይሯል ወይ የሚለውን ነው። ሰው ሥራ ለቅቆ ይሆናል፣ ወይ ረስቶት አስቀይሮ ይሆናል።

ቢሮ ውስጥ ያሉት ስልኮችና ኮምፒውተሮች በሙሉ ወደ ውጭ የሚወጡት በአንድ የአይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ላይ በሚለዩበት ቁጥር) ነው። የሆስቲንጉ ፋየርዎል (የሰርቨሩ ዘበኛ ፕሮግራም) የተሳሳተ ፓስወርድ የሚደጋግም አድራሻ ሲያይ ሌባ ነው ብሎ ይዘጋዋል። አንድ ስልክ የድሮውን ፓስወርድ ይዞ በየሩብ ሰዓቱ በሩን ሲያንኳኳ የሚዘጋው ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለቢሮው ሁሉ ነው። ዳታ ስታበሩ በሌላ አድራሻ ስለምትወጡ ይገባል። ዩቲዩብ ደግሞ ከዚያ ሰርቨር ጋር ጉዳይ የለውም።

በዋይፋዩ ሆነው ጉግል ላይ «የእኔ አይፒ» ብለው ይፈልጉና ቁጥሩን ለሆስቲንጉ ይላኩ። «ሰርቨሩ ይሠራል ወይ» ብለው አይጠይቁ፤ «ይህ አድራሻ ፋየርዎላችሁ ላይ ተዘግቷል ወይ፣ የዘጋውስ የየትኛው አካውንት ሙከራ ነው» ይበሉ። ጥያቄው ሲቀየር መልሱም ይቀየራል። የአካውንቱ ስም ሎግ በሚሉት የሰርቨሩ መዝገብ ላይ አለ። ጥፋተኛው ሳይገኝ ብቻ ካስከፈታችሁ ግን ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ይዘጋል።

ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ በመሳቢያ ውስጥ ቻርጅ ላይ የቀረ ታብሌት ወይም የለቀቀ ሠራተኛ የመለሰው ስልክ ነው። ሰው ሁሉ የሚረሳው ግን ፎቶ ኮፒ ማሽኑን ነው። ስካን አድርጎ በኢሜይል የሚልከው ማሽን ውስጡ ፓስወርድ አለው። እኔ በማስተዳድረው አንድ ቢሮ ሰው ሁሉ ስልኩን እያስፈተሸ ሲተራመስ ችግሩ ኮሪደር ላይ ቆሞ ፓስፖርት ስካን ያደርግ ነበር። እናንተም የጉዞ ወኪል ናችሁ፤ እስቲ ማሽናችሁን እዩት።

ይቀበላል፣ አይልክም

*ሀዋሳ ነኝ፣ አይፎን ነው የምጠቀመው። መልእክት ይገባልኛል፣ ስመልስ ግን አውትቦክስ ውስጥ ተጎልቶ ይቀራል።*

መቀበያውና መላኪያው ሁለት የተለያዩ ሰርቨሮች ናቸው፤ ስለዚህ የአንዱ መሥራት ለሌላው ዋስትና አይሆንም። አይፎን አካውንት ስትጭኚ የመላኪያው ሰርቨር ዩዘርኔምና ፓስወርድ ቦታ ላይ በደብዛዛው «ኦፕሽናል» ብሎ ይጽፋል። ሰውም እውነት መስሎት ባዶውን ያልፈዋል። ለመሥሪያ ቤት ኢሜይል ግዴታ ነው፤ ሙሉ አድራሻሽንና ያንኑ ፓስወርድ ሙዪ። ፖርቱ 25 ከሆነ ተዪው፤ እሱ ሰርቨርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ስለሆነ ብዙ ቦታ ይዘጋል። 587 በስታርት ቲኤልኤስ፣ ወይም 465 በኤስኤስኤል አድርጊው። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አንድ መልእክት ብቻ ከተጎለተ አታችመንቱን እዪ። ፋይል በኢሜይል ሲሄድ በሲሶ ያህል ያብጣል፤ 20 ሜጋ ብለሽ ያያያዝሽው ሲላክ ከ25 ሊያልፍ ይችላል፤ ብዙ ሰርቨር ደግሞ ከዚያ በላይ አይቀበልም።

ፓስወርዱ ልክ ነው፣ ስልኩ ግን ስህተት ነው ይላል

ይህን ብዙዎች ስለጠየቃችሁ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልመልስ። ማይክሮሶፍት 365 የሚጠቀም መሥሪያ ቤት ከሆነ፣ ማይክሮሶፍት ከጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩዘርኔምና በፓስወርድ ብቻ የሚገቡ የቆዩ የሜይል አፖችን ማስገባት አቁሟል። ፓስወርዱን መቶ ጊዜ ብትጽፉት ዋጋ የለውም። የአውትሉክን አፕ ጫኑ፣ ወይም አካውንት ስትጨምሩ «አዘር» የሚለውን ትታችሁ የማይክሮሶፍቱን ምረጡ፤ የማይክሮሶፍት የራሱ የመግቢያ ገጽ መከፈት አለበት። ካልተከፈተ መንገዱ አይደለም። የጉግል አካውንትም እንዲሁ፤ «ጉግል» የሚለውን እንጂ «አዘር»ን አትንኩ።

ቴክኖ ስልኬ ላይ ሜይል የሚገባው አፑን ስከፍት ብቻ ነው *(ከአዳማ)*

ባትሪ ቆጣቢው አፑን እየገደለብህ ነው። ፎን ማስተር ውስጥ ገብተህ ኦቶ ስታርት ላይ ፍቀድለት፣ የባትሪ ሴቲንግ ውስጥም ለዚያ አፕ ገደቡን አንሳ። ከዚያ በኋላ እስከ ሩብ ሰዓት ቢዘገይ አትጨነቅ። ጂሜይል አፕ ላይ የተጫነ የድርጅት አይማፕ አካውንት መልእክት መምጣቱን የሚያየው በየጊዜው እየጠየቀ ነው እንጂ እንደ ቴሌግራም በቅጽበት አይነገረውም። አለቃህ «አሁን ላክሁልህ» ካለህ ስክሪኑን ወደ ታች ጎትት።

ኮዱ አሮጌው ስልክ ላይ ቀረ

*ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። አዲስ አይፎን ገዛሁ። የሥራ ሜይሌን ላስገባ ስል የኦተንቲኬተር ኮድ ይጠይቀኛል፤ እሱ ያለው አሮጌው ላይ ነው። አሮጌውን አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ በሰው ልልክለት አስቤ ነበር። ሌላው ደግሞ ጓደኛዬ «የሥራ ሜይል ካስገባሽ አለቃሽ ፎቶሽን ሁሉ ማጥፋት ይችላል» አለችኝ። እውነት ነው?*

እህቴ፣ ስልኩን ገና ለመንገደኛው ካልሰጠሽው እሰየው፤ እንዳትሰጪ።

የጓደኛሽ ወሬ ግማሹ እውነት ነው። የሥራውን ሜይል በአይፎኑ የራሱ ሜይል አፕ በኤክስቼንጅ ካስገባሽ፣ አስተዳዳሪው ስልኩ ጠፋ ብሎ ውስጡ ያለው ከሩቅ እንዲደመሰስ ቢያዝ ስልኩ ከነፎቶው ከፋብሪካ እንደወጣ ሊሆን ይችላል። በአውትሉክ አፕ ከገባሽ ግን የዚያው ዓይነት ትእዛዝ የሚያጠፋው አፑ ውስጥ ያለውን የሥራ መልእክት ብቻ ነው። ስለዚህ በግል ስልክሽ አውትሉክን ተጠቀሚ። ድርጅቱ ስልኩን በሙሉ የሚያስተዳድር ፕሮፋይል ጫኚ ካለሽ ግን ምን ማየትና ምን ማጥፋት እንደሚችሉ በጽሑፍ ጠይቂያቸው፤ መብትሽ ነው፣ ነውር የለውም።

ኮዱን የሚሰጠው ኦተንቲኬተር የመግቢያ ማረጋገጫ አፕ ነው፤ አሮጌው ስልክ በእጅሽ እስካለ ቀላል ነው። ኮምፒውተር ላይ የሥራ አካውንትሽ ውስጥ ሴኪዩሪቲ ኢንፎ ወደሚለው ገጽ ግቢ፤ ማረጋገጫውን ከአሮጌው ስልክ አጽድቂ። ከዚያ አዲሱን ስልክ እንደ አዲስ ኦተንቲኬተር ጨምሪ፤ የሚወጣውን ኪው አር ኮድ በአዲሱ ስካን ማድረግ ነው። በአዲሱ አንዴ ወጥተሽ ገብተሽ ሳትሞክሪ አሮጌውን ከዝርዝሩ አታውጪ። «አይክላውድ ላይ ባክአፕ አለኝ» ብለሽም አትዘናጊ፤ የሥራ አካውንት ባክአፕ ቢኖርም በአዲሱ ስልክ እንደገና መግባትና ማረጋገጥ ይጠይቃል። አሮጌው ስልክ ቀድሞ ከሄደ የድርጅቱ አይቲ ምዝገባሽን እስኪያነሳልሽ ከመጠበቅ ሌላ አማራጭ የለሽም።

ይህ ሲያልቅ ወደ ወንድምሽ ስልክ እንምጣ። የሥራ አካውንቱን ከአሮጌው አውጪ፤ ቀጥሎ ሴቲንግ ላይ ስምሽን ነክተሽ ከአይክላውድ ሳይን አውት አድርጊ፤ ፋይንድ ማይ (የጠፋ ስልክ ማፈላለጊያው) እንዲጠፋ የአፕል ፓስወርድሽን ይጠይቅሻል። ከዚያ በኋላ ነው ስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ የምትደመስሺው። ይህን ሳታደርጊ ከላክሽው ወንድምሽ አዲስ አበባ ላይ ሲከፍተው የአንቺን ኢሜይልና ፓስወርድ ይጠይቀዋል፤ እዚህ ያሉ የስልክ ጠጋኞችም «ይከፈታል» ብለው ገንዘቡን ይቀበሉታል እንጂ አይከፍቱለትም። ረስተሽ ልከሽው ከሆነም ከአዲሱ ስልክሽ ፋይንድ ማይ ውስጥ ገብተሽ አሮጌው ውስጥ ያለውን ሁሉ ከሩቅ ከደመሰስሽ በኋላ ስልኩን ከአካውንትሽ አውጪው፤ እሱ እዚህ ሆኖ ዋይፋይ ሲያገናኘው ይከፈትለታል።